ኢኽላስ በትምህርት ዓለም፦ ከተማሪዎችና ከመምህራን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተመለሱት ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሙስሊም ተማሪዎችና ባልደረቦች ደጋግመው ያነሱልኝ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት በሁለት ወቅት ነው፤ ፈተና ሲቃረብ እና የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ። እኔ መምህር እንጂ ሙፍቲ (በሸሪዓ ጥያቄ ብያኔ የሚሰጥ ሊቅ) ስላልሆንሁ መልሶቹ እንደ ፈትዋ፣ ማለትም እንደ ሙፍቲ ብያኔ፣ እንዲወሰዱ አልፈልግም። ዑለማዎች በኪታቦቻቸው ያሰፈሩትን ከመማሪያ ክፍሉ ኑሮ ጋር ለማገናኘት የሞከርሁባቸው ናቸው።

ኢኽላስ ማለት ምን ማለት ነው? «ቅንነት» ከምንለው ጋር አንድ ነው?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአማርኛ «ቅን ሰው» የምንለው ተንኮል የሌለበትን፣ ለሌላው በጎ የሚያስበውን ሰው ነው፤ ኢኽላስ ግን ከሁሉ በፊት የሚመለከተው በሰውየውና በጌታው መካከል ያለውን ጉዳይ ነው። የዐረብኛው ሥር «ጠራ፣ ከቅይጥ ነጻ ሆነ» የሚል ትርጉም ስላለው በአማርኛ የዲን መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ማጥራት» ተብሎ ይተረጎማል። ሱረቱል በይዪና አንቀጽ 5 ላይ ሰዎች የታዘዙት ሃይማኖቱን ለአላህ ብቻ አጥርተው እንዲገዙት መሆኑ የተነገረውም በዚሁ ቃል ነው።

ለእኔ ነገሩን ይበልጥ ያስረዳኝ ቃሉ ስለ ወተት የተነገረበት ቦታ ነው። ሱረቱን ነሕል አንቀጽ 66 ላይ አላህ ከከብቶች ሆድ ውስጥ፣ ከፈርስና ከደም መካከል፣ ለጠጪዎች የሚጣፍጥ ጥሩ ወተት እንደሚያጠጣን ይናገራል፤ «ጥሩ» የተባለበት የዐረብኛ ቃል የኢኽላስ ወንድም ነው። ከብት ያረደም ሆነ ላም ያለበ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ይረዳዋል። የወተቱ ጥራት የመጣው አካባቢው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ በግራም በቀኝም የሚያበላሸው ነገር እያለ ሳይቀላቀል በመውጣቱ ነው። የተማሪም ኒያ (በልቡ የያዘው ዓላማ) እንደዚያው ነው። በአንድ በኩል የወላጅ ጉጉት፣ በሌላ በኩል የውጤት ፉክክር፣ ከዚያም የእንጀራ ጉዳይ አለ፤ እነዚህ በሌሉበት ዓለም የሚማር ሰው የለም።

የኢኽላስ ተቃራኒዎች ብዙ ናቸው። ሰዎች አይተው እንዲያደንቁ መሥራት ሪያእ ወይም በተለመደው አማርኛ «ይዩልኝ» ይባላል። የሠሩትን ሰው እንዲሰማው ማድረግ ሱምዓ ወይም «ይስሙልኝ» ነው። ሦስተኛው ዑጅብ ማለትም በራስ መደነቅ ሲሆን ተመልካች እንኳ አያስፈልገውም፤ በምሁራን ዘንድ የሚበዛውም እሱ ይመስለኛል።

ኢኽላስ የሚመለከተው የዲን ትምህርትን ነው፤ ለኢንጂነሪንግና ለአካውንቲንግ ምን አገባው?

ጥያቄው ግማሽ እውነት አለበት። አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲሥ (ከነቢዩ የተላለፈ ንግግር)፣ የአላህ ፊት የሚፈለግበትን ዕውቀት ዓለማዊ ጥቅም ለማግኘት ብቻ ብሎ የተማረ ሰው የጀነትን ሽታ እንደማያገኝ ተነግሯል። ማስጠንቀቂያው በቀጥታ የሚመለከተው የሸሪዓ ዕውቀትን ስለሆነ፣ ሒሳብ አያያዝ የሚያጠና ወጣት «ሥራ ለመያዝ ብዬ ነው» ቢል በዚህ ሐዲሥ አይወቀስም።

ስሕተት የሆነው ግማሽ ደግሞ «ስለዚህ ኒያ አያስፈልገኝም» የሚለው መደምደሚያ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ያስተላለፉትና ኢማሙ ቡኻሪ ሶሒሕ የተሰኘውን የሐዲሥ ስብስባቸውን የከፈቱበት ሐዲሥ «ሥራዎች የሚመዘኑት በኒያ ነው» ሲል የዲንና የዱንያ (የዚህ ዓለም) ሥራ ብሎ አልከፈለም። እንዲያውም ምሳሌ አድርጎ የሚያነሳው ስደትን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ ይሰደዳሉ፤ አንዱ ወደ አላህና ወደ መልእክተኛው፣ ሌላው ወደሚያገኛት ዱንያ ወይም ወደሚያገባት ሴት፤ ለሁለቱም ያሰቡት ይሆንላቸዋል። እግራቸው የረገጠው መንገድ ግን አንድ ነው።

ኢማሙ ጘዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሚዲን» የዕውቀት ምዕራፍ ላይ ሕክምናንና ስሌትን ከፈርዱ ኪፋያ፣ ማለትም ከኅብረተሰቡ አንዱ ካልተወጣው ሁሉም ከሚጠየቁበት ግዴታ፣ ይቆጥሯቸዋል። ከዚያም አንድ የሚያስቅና የሚያሳፍር ትዝብት ይጨምራሉ። በስንት ከተማ ሙስሊም ሐኪም ጠፍቶ ሳለ ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ ዕውቀት)፣ በተለይም ወደ ክርክሩ ክፍል ይጋፋል፤ ምክንያቱም ሕክምና የወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት) አስተዳደር፣ የየቲም ንብረት ጠባቂነትና የቃዲነት ሹመት አያስገኝም። ይህ የተጻፈው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ዛሬም የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ሲሞላ ያለውን ግርግር ያየ ሰው የኢኽላስ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ ቅጽ መሆኑን ይረዳል።

የምማረው ደመወዝ ለማግኘትና ቤተሰቤን ለመርዳት ነው። ኃጢአት አለብኝ?

የለበትም። በሐጅ ወቅት እንኳ ከጌታቸው ችሮታን መፈለግ፣ ማለትም መነገድ፣ ነውር እንደሌለበት ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 198 ይናገራል፤ በሐጅ ላይ ንግድ ከተፈቀደ በትምህርት ላይ ደመወዝ አይከለከልም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ሐዲሥ ደግሞ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) የአላህን ፊት ፈልጎ የሚሰጥ ሰው በሚስቱ አፍ ውስጥ በሚያኖራት ጉርሻ እንኳ እንደሚመነዳ ተናግረዋል። እኛ ጉርሻን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሐዲሥ ማብራሪያ አያሻውም። እናቱን ከጉሊት ለማሳረፍ የሚማር ልጅ ኒያው ትንሽ አይደለም፤ የሚቀረው ቢኖር ያንኑ ለአላህ ብሎ ማሰቡ ነው።

መጀመሪያ ስለሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች የሚናገረው ሐዲሥ ያስፈራኛል። እንዴት ልረዳው?

ቢያስፈራ አይገርምም። በሶሒሕ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በተዘገበው መሠረት በትንሣኤ ቀን ቀድመው ከሚፈረድባቸው መካከል በጦር ሜዳ የወደቀ፣ ዕውቀትን ተምሮ ያስተማረና ቁርኣን የቀራ፣ እንዲሁም ሀብቱን የሰጠ ሰው ይገኛሉ። አዋቂው «ዕውቀትን ተማርሁ፣ አስተማርሁ፣ ላንተ ስል ቁርኣንን ቀራሁ» ሲል «ዋሽተሃል፤ የተማርኸው ዐሊም ነው እንድትባል ነው፤ ተብሏልም» ይባላል። በቲርሚዚ ዘገባ አቡ ሁረይራ ይህን ሐዲሥ ሊናገሩ ሲሉ ደጋግመው ራሳቸውን እስከ መሳት ደርሰዋል።

እኔ የማተኩረው «ተብሏልም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሰውየው የፈለገውን አግኝቷል፤ ዋጋው ተከፍሎት አልቋል። ዕውቀቱም ሐሰት አልተባለም፤ ምናልባት ተማሪዎቹ በእሱ ተጠቅመው ይሆናል። የተበላሸው በሥራው ደጃፍ ላይ የነበረው አድራሻ ነው። ስለዚህ ሐዲሡ ዕውቀትን አያጣጥልም፤ እንዲያውም ከመሥዋዕትነትና ከልግስና ጎን ያስቀመጠው ክብደቱን አውቆ ነው።

ሪያእ ውስጥ እንዳልገባ ብዬ ማስተማሩን ወይም መማሩን ልተወው?

እ.ኤ.አ. በ803 ያረፉት ፉደይል ኢብኑ ዒያድ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ስለ ሰዎች ሲሉ ሥራን መተው ሪያእ ነው፣ ለሰዎች ሲሉ መሥራት ሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው፣ ኢኽላስ ደግሞ አላህ ከሁለቱም ሲጠብቅህ ነው ብለዋል። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚዘነጉት የመጀመሪያውን ክፍል ነው። በሰው ፊት ላለመታየት ብሎ ጥያቄ የማይጠይቅ፣ ሴሚናር ላይ የማይናገር ሰው አሁንም ሥራውን የሚለካው በሰው ዓይን ነው፤ መስፈሪያው አልተለወጠም።

«ጘዛሊስ ትተው ሄደው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ታሪኩ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። ጘዛሊ እ.ኤ.አ. በ1091 በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ ሲሾሙ ዕድሜያቸው ከሠላሳዎቹ አጋማሽ አላለፈም፤ በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማሪያ ወንበር አልነበረም ማለት ይቻላል። «አል-ሙንቂዝ» በተሰኘው ግለ ታሪካቸው እንደሚተርኩት በማስተማር ኒያቸውን ሲመረምሩ ለአላህ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ የሚገፋፋቸው ሥልጣንና ዝና መሆኑን ተረዱ። ከዚያ ስድስት ወር ያህል በሁለት ሐሳብ ተወጠሩ። ጠዋት ለመሄድ ይቆርጣሉ፤ ማታ ሐሳባቸው ይፈርሳል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ። ወደ እሳቸው ለሚመጡት ተማሪዎች ደስታ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ቢጥሩ ቃል አልወጣ አላቸው፤ ምግብም አልወርድ አለ፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1095 ለልጆቻቸው የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ሀብታቸውን በትነው ወደ መካ እሄዳለሁ በማለት ወደ ሻም (የዛሬው ሶሪያ አካባቢ) ወጡ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን ጘዛሊ እ.ኤ.አ. በ1106 በነይሳቡር እንደገና ማስተማር ጀምረዋል፤ ያውም በባለሥልጣን ጥያቄ። እሳቸው ራሳቸው «ወደ ማስተማር ብመለስም አልተመለስሁም» ይላሉ፤ ቀድሞ ያስተምሩት የነበረው ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ነበር፣ አሁን የሚጠሩት ክብር ወደሚተውበት ዕውቀት ነው። ስለዚህ ጘዛሊን ለማቋረጥ ማስረጃ የሚያደርግ ተማሪ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የጠቀሰው። በተጨማሪም እሳቸው ትተውት የሄዱት የያዙትንና የተካኑበትን ነው፤ ፈተና የከበደው ሰው «ለኢኽላስ ስል ተውሁት» ቢል ግን አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

መምህሬ በክፍል ፊት ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ኢኽላሴ ጠፋ ማለት ነው?

አይደለም። አቡ ዘር እንዳስተላለፉት፣ ሰው በጎ ሠርቶ ሰዎች ስላመሰገኑት ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ተጠይቀው «ይህ ለምእመን የተፋጠነ ብሥራት ነው» ብለዋል፤ ዘገባው በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። ሥራውን የጀመሩት ለምስጋናው ካልሆነ በኋላ የመጣ ደስታ አይጎዳም። ነገሩ የሚታወቀው በሚቀጥለው ሥራ ነው፤ ያ መምህር በማያርመው የቤት ሥራ ላይ ጥረቱ ቀንሶ እንደሆነ ተማሪው ራሱ ያውቀዋል።

ኩረጃን ኢስላም እንዴት ያየዋል? «ወንድሜን ረዳሁ» ማለትስ ይቻላል?

በፈታኝነት ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ወጣቱ ወረቀቱ ሲታደል ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ ፊቱን አበሰ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሹራቡ እጅጌ በደቃቅ ጽሑፍ የተሞላች እጥፍ ወረቀት አወጣ። ዱዓው የማስመሰል ነበር ብዬ አላምንም። ከልቡ ለምኗል፤ ግን ዒባዳውና ፈተናው በሁለት የማይገናኙ ክፍሎች ውስጥ ነበሩ።

በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) በገበያ በተከመረ እህል ላይ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣቶቻቸው ረጠቡ። ነጋዴው «ዝናብ አግኝቶት ነው» አለ። «ታዲያ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግኸውም? ያታለለ ሰው ከኔ አይደለም» አሉት። ልብ መባል ያለበት፣ እርጥቡን እህል እንዳይሸጥ አልከለከሉትም፤ ያሉት ከላይ አውጣው ነው። ዝቅተኛ ውጤት ነውር አይደለም፤ እርጥብ እህል ነው። ነውሩ ደረቁን ከላይ አልብሶ ማቅረብ ነው።

«ማስኮረጅ መረዳዳት ነው» ለሚለው ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 2 በበጎ ነገርና በተቅዋ (አላህን በመፍራት) እንድንረዳዳ፣ በኃጢአትና ወሰን በማለፍ ግን እንዳንረዳዳ ያዛል። የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ክፍል የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ሌሊቱን በመብራት ተቀምጦ ያነበበና ቦታው በኮራጁ የተወሰደበት ተማሪ። የአገራችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት ሁኔታ ሲፈተኑ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር የኩረጃን መጠን ብቻ አይለካም፤ የማስተማሩም ድክመት፣ የጦርነቱም ጉዳት አለበት። ሆኖም በእኔ አመለካከት እርጥቡ እህል ከላይ የወጣበት ዓመት ነበር።

ከዓመታት በፊት ኮርጄ ባገኘሁት ማስረጃ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ደመወዜ ሐራም ነው?

የዚህ ዓይነት ጥያቄ የቀረበላቸው የሳውዲው ዐሊም ሸይኽ ኢብኑ ባዝ፣ ሰውየው ስለ ማታለሉ ተውባ (ንስሐ) ማድረግ እንዳለበት፣ ሥራውን በሚገባ የሚያከናውን ከሆነ ግን በገቢው ላይ ችግር እንደማይኖር መልሰዋል። ሰዎች የመጨረሻውን ሐረግ ይዘው «በሚገባ የሚያከናውን ከሆነ» የሚለውን ይጥሉታል። ሙያው የሰው ሕይወት የሚነካ ከሆነና የጎደለው ዕውቀት ዛሬም ጎድሎ ከሆነ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም፤ እንዲህ ያለ ሰው ጉዳዩን ዝርዝሩን ለሚረዳ ዐሊም ያቅርብ፤ እስከዚያው ደግሞ ያመለጠውን ቁጭ ብሎ ይማር።

የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ ማስጻፍ፣ ከኢንተርኔት መገልበጥ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠራት እንዴት ይታያል?

በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ የመብራት ምሰሶዎች ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። «እናማክራለን» የሚለው ቃል ራሱ ኒያው እንደታወቀው ይመሰክራል፤ «እንጽፍላችኋለን» ብሎ የሚለጥፍ የለም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ባልተሰጠው ነገር ጠግቤያለሁ የሚል ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ እንደለበሰ ነው ተብሏል። ለምርቃት ካባና ለዚያ ዓይነት ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዑለማዎችም የጽሑፍ ስርቆትን እንደ ዘመን አመጣሽ ነገር አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ1505 ያረፉት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ሥራቸውን ወስዶ የራሱ ባስመሰለ ሰው ላይ «በደራሲና በሌባ መካከል ያለው ልዩነት» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጥተው አንድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ንግግርን ለባለቤቱ መመለስ ከዕውቀት በረከት ነው የሚለውም በሊቃውንቱ መካከል ሲወርድ የመጣ አባባል ነው። በአገራችን የቂርአት (የኪታብ ትምህርት) ሥርዓት፣ በወሎ ገታም ሆነ ዳና፣ ደረሳውን (ተማሪውን) አስቀድሞ የሚጠይቁት «ከማን ቀራህ?» ብለው ነው። ኢጃዛ (የተማሩትን የማስተማር ፈቃድ) የሚሰጠውም የሸይኹን ሸይኽ፣ ከዚያም በላይ ያሉትን እየዘረዘሩ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ለሙስሊም ተማሪ ከውጭ የመጣ ሸክም ሊመስለው አይገባም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ብናገር ይሻላል። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ያገኘሁትን አንድ የዐረብኛ ጥቅስ ኪታቡን እንዳነበብሁ አድርጌ፣ ቅጹንና ገጹን ሳይቀር፣ በዋቢዎቼ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ጥቅሱ ትክክል ነበር። መርማሪዎቹም አላዩትም። ከዓመታት በኋላ ኪታቡን ስገዛ ያ ገጽ በእጄ ባለው እትም ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገር ሆኖ አገኘሁት፤ እኔ የጠቀስሁት የሌላ እትም ገጽ ነበር። ማንም ያልያዘኝን ነገር ብቻዬን መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ ተያዝሁበት። ከዚያ ወዲህ «ከእገሌ ጽሑፍ እንደ ተጠቀሰው» የሚለውን ሐረግ እወደዋለሁ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው መልስ አጭር ነው፤ መምህሩ ወይም ተቋሙ የፈቀደውን ያህል መጠቀምና የተጠቀሙትን በግልጽ መጻፍ። ሊነግሩት የሚያፍሩበት አጠቃቀም ከሆነ እህሉ ረጥቧል።

መጠይቆቼ አልሞሉም፤ የጎደሉትን ራሴ ብሞላ ማን ይጎዳል?

ከማማክራቸው አንዱ አንድ ጊዜ የሞላ ጥቅል መጠይቅ አመጣልኝ። ሳገላብጠው የመጨረሻዎቹ አርባ ያህል ወረቀቶች በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁሉም «እስማማለሁ» ላይ፣ የ«✓» ምልክቱ ጅራት በአንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ነበር። ወረቀቶቹ መታጠፊያ መስመር እንኳ የላቸውም፤ በሰው ኪስና ቦርሳ አላለፉም። ተማሪው ሲጠየቅ «መቶ ሃያ ብዬ በፕሮፖዛሉ ስለጻፍሁ ነው» አለ። የተመለሱት ሰማንያዎቹ ነበሩ። ሰማንያ ብሎ መጻፍና ያልተመለሱበትን ምክንያት በውስንነቶች ክፍል ማስረዳት ይበቃው ነበር፤ ያ ክፍል የተፈጠረው እርጥቡን እህል ከላይ ለማውጣት ነው። የሚጎዳው ደግሞ ነገ ያንን ጥናት አምኖ ፖሊሲ የሚያወጣ ወይም ሌላ ጥናት የሚያቆምበት ሰው ነው፤ በአማና (በአደራ) የተረከበውን ነገር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ስሜ በጥናት ጽሑፍ ላይ በመጀመሪያ እንዲቀመጥ መፈለጌ ከኢኽላስ ጋር ይጋጫል?

ኢማሙ ሻፊዒ ሰዎች ይህን ዕውቀት ተምረው አንድም ፊደል ወደ እሳቸው ባይጠጋ እንደሚመኙ መናገራቸው ይታወቃል። ይህን ጠቅሰው «ስምህን አውጣ» የሚሉ አለቆች ስላሉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻፊዒ የራሳቸውን ስም ነው የለቀቁት እንጂ የሌላውን አልወሰዱም።

በሐዲሥ ሳይንስ በሰንሰለቱ ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰ አስተላላፊ ካለ ሰንሰለቱ ይደክማል። ስም የሚጻፈው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂው እንዲታወቅም ነው። የሠራ ሰው ስሙ በሠራው መጠን ይጻፍለት ማለቱ ፍትሕን መጠየቅ ነው። የከፋው ተቃራኒው ነው። ለደረጃ ዕድገት ሲባል አንድ መስመር ያልጻፈ የክፍል ኃላፊ በስጦታ የሚገባባቸው ጽሑፎች አሉ። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 188 ባልሠሩት ሥራ መመስገንን ስለሚወዱ ሰዎች ይናገራል፤ ከቅጣት የሚድኑ አይምሰሉህ ይላል። አንቀጹ የወረደበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም ቃሉ ለዚህም ይበቃል።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል የማላውቀውን ብጠየቅስ?

ኢማሙ ማሊክ ሲጠየቁ ተገኝተው የነበሩት አል-ሀይሠም ኢብኑ ጀሚል እንዳስተላለፉት፣ ከ48 ጥያቄዎች በ32ቱ «አላውቅም» ብለው መልሰዋል። ተማሪው በአሥር ጥያቄ ውስጥ አንዴ ቢለው አይወድቅም። መርማሪዎች የሚያዝኑት ባልታወቀው ነገር ላይ አምስት ደቂቃ ሲወራባቸው ነው።

የባልደረባዬ ሥራ ለይዩልኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ልንገረው?

እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ በጦር ሜዳ ሸሃዳ (የእስልምናን የእምነት ቃል) ያለን ሰው «ፈርቶ ነው ያለው» ብለው በገደሉት ጊዜ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) «ልቡን ከፍተህ አየህን?» ብለው ደጋግመው ወቅሰዋቸዋል። ስለዚህ አማካሪም ሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚመረምረው ጽሑፉን፣ መረጃውንና ዋቢውን ነው። የራስን ልብ ግን መክፈት ይቻላል፤ እሱም ቀላል አይደለም። ሱፍያን አስ-ሠውሪ ከኒያቸው የበለጠ ያስቸገራቸው ነገር እንደሌለና እየተገላበጠ እንደሚያውካቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ኒያ መስከረም ላይ አንዴ ተነይቶ እስከ ሰኔ የሚያደርስ ነገር አይደለም፤ ሰላት በገባ ቁጥር ኒያው እንደሚታደሰው ሁሉ መጽሐፍ በተከፈተ ቁጥር መታደስ አለበት።

የምርቃት ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ሪያእ ነው?

በየሐምሌው የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሱረቱድ ዱሓ በመጨረሻ አንቀጿ የጌታን ጸጋ መናገርን ታዛለች፤ ወላጆችም ያንን ፎቶ ለጎረቤት ሲያሳዩ የሚያገኙት ደስታ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መለጠፉን የሚከለክል ነገር አላውቅም። ለተማሪዎቼ የምላቸው ግን ለጥፋችሁ ስልኩን ለእናታችሁ ስጧትና እስከ ዒሻእ (የሌሊቱ ሰላት) አትቀበሏት ነው። አንዱ ሞክሮ ከመግሪብ (ከዒሻእ የሚቀድመው የምሽት ሰላት) በፊት ተቀበልኋት አለኝ፤ «ስንት ሰው እንደወደደው ልይ ብዬ ነው» ብሎ እየሳቀ።